ከወንበር ወድቆም "ይገዛ" የነበረው ሰውዬ፦ የፖርቹጋሉ ሳላዛር 36 ዓመት እንዴት ቆየ?

ጉለሌ_ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን ስለ ፖርቹጋሉ አንቶኒዮ ደ ኦሊቬራ ሳላዛር እያነበብኩ ሌሊቱ እየነጋብኝ ነው። ስለ ሂትለርና ስለ ሙሶሊኒ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እናውቃለን። ይሄኛውን ግን የሚያነሳው የለም። የሁለቱን የሥልጣን ዘመን ብትደምሩት እኮ የእሱን ብቻውን አያክልም። ከ1932 እስከ 1968 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

የገረመኝ አወዳደቁ ነው። የእውነት መውደቁን ማለቴ ነው። ኦገስት 1968፣ ሊዝበን አጠገብ ኢሽቶሪል የሚባል ቦታ፣ ባሕር ዳር ያለ አሮጌ ምሽግ ውስጥ ሰውዬው እረፍት ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ዘፍ ሲል ወንበሩ ከዳው። ጭንቅላቱ ከድንጋዩ ወለል ጋር ተላተመ። ለማንም እንዳትናገሩ አለ። ወር ካለፈ በኋላ ሲብስበት ሆስፒታል ወሰዱት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እዚያው ተኝቶ ሳለ ስትሮክ መታው። አበቃለት ተብሎ በሴፕቴምበር መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ አሜሪኮ ቶማሽ በቦታው ማርሴሎ ካይታኖን ሾሙ።

ሰውዬው ግን አልሞተም። ነቃ። ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያም ተመለሰ። ከሥልጣን መውረዱን የሚነግረው ሰው ግን ጠፋ! የቀድሞ ሚኒስትሮቹ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ። እሱ መመሪያ ይሰጣል። እነሱ እሺ ብለው ይወጣሉ። ጁላይ 1970 እስኪሞት ድረስ እንዲህ ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰውዬው በረንዳ ላይ ወጥቶ አይጮህም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለራሱ ቤተ መንግሥት አላሠራም። ታዲያ ሰው ሁሉ አፉን እንዲህ የያዘለት ለምንድን ነው?

የታሪክ_ደብተር

ጥሩ ክር ከፈትክ። አነሳሱን ካላየን ግን አወዳደቁ አይገባንም።

የተወለደው በኤፕሪል 1889 ነው፣ ሂትለር በተወለደ በስምንተኛው ቀን። ቪሚየሩ የምትባል የገጠር መንደር። አባቱ የባለ ርስት መሬት ይጠብቅ ነበር። ልጁ ቄስ ሊሆን ሴሚናሪ ገባ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። እዚያው የኢኮኖሚ መምህር ሆኖ ቀረ።

አገሪቱ በ1910 ንጉሧን አባርራ ሪፐብሊክ ሆናለች። ከዚያ በኋላ ያለው 16 ዓመት ጉድ ነው። 45 መንግሥት ተቀያየረባት! አንዱ መንግሥት በአማካይ አምስት ወር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ሰው መንግሥት መጥላት ሳይሆን መንግሥት መቁጠር ታከተው። በ1926 ወታደሮች ያዙት። ጠመንጃ አላቸው፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው። ፕሮፌሰሩን ጠሩት። መጣ፣ የጠየቀውን ሥልጣን ሲከለክሉት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ።

በ1928 ድጋሚ ለመኑት። አሁንም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ የየትኛውም ሚኒስቴር ወጪ ያለ እኔ ፈቃድ አይወጣም አለ። ተስማሙ። ጨዋታው ያኔ አለቀ። የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም ባደረገው ንግግር "ምን እንደምፈልግና ወዴት እንደምሄድ በደንብ አውቃለሁ" ብሏል። ጄኔራሎቹ ደሞዛቸውን ከእሱ እጅ እየተቀበሉ እንዴት ይቃወሙታል? ቁልፉን የያዘው ቤቱን ያዘ። አራት ዓመት ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በ1933 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣና ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ያልመረጠው ሰው እንደ ደገፈ ተቆጠረ። ቤቱ ተኝቶ የዋለውም "አዎ" ብሏል ማለት ነው። ጉለሌ፣ ለጥያቄህ መልስ ከፈለግክ ከዚህች ጀምር። ዝምታን በሕግ ድምፅ ያደረገ ሰውዬ ነው።

ሒሳብ_ሹሙ

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በጀት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። የማይዘጋ ሒሳብ ማለት ምን እንደሆነ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሰውየውን ከመርገማችሁ በፊት ለሙያው የሚገባውን ስጡት። ሲከስር የኖረን የአገር በጀት በአንድ ዓመት ውስጥ ትርፍ ላይ አቆመው። ዕዳ ከፈለ። ገንዘቡን አጠነከረ። አገዛዙ በ1974 ሲወድቅ የፖርቹጋል ካዝና ውስጥ ከ800 ቶን በላይ ወርቅ ነበር። አውሮፓ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትነድ አገሩን ከጦርነቱ ውጭ አቆየ። እሱ ራሱ ሲሞት ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም። በየአገሩ እየዘረፉ ስዊዘርላንድ የሚያከማቹ ስንት አሉ? ልዩነት የለውም ልትሉኝ ነው?

ቡና_ሱሴ

የጋሼን ሐሳብ የሚያግዝ ወሬ ልጨምር። የቤቱ አስተዳዳሪ ዶና ማሪያ የምትባል ሴት ነበረች፣ ከኮይምብራ ጀምሮ አብራው የኖረች። በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ጓሮ ዶሮ ታረባ ነበር፣ ጥንቸልም ጭምር። የመንግሥት ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ አስቡት እስቲ 😂 ቁጠባ ነው ስስት?

ሊዝበን_ያለሁ

እዚሁ ሊዝበን ነው የምኖረው፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ጋሽ ሒሳብ ሹም፣ በአክብሮት ልቃወምዎት ነው።

ከካቴድራሉ ትንሽ ከፍ ብሎ አልዡቤ የሚባል ሕንፃ አለ። ድሮ የፖለቲካ እስር ቤት ነበር፣ አሁን ሙዚየም ነው። ክፍሎቹን አይቻለሁ። ሰው እጁን ዘርግቶ መዞር የማይችልባቸው፣ ብርሃን የማይገባባቸው ጉድጓዶች ናቸው። የደህንነት ፖሊሱ ፒዴ ይባል ነበር። የሚወዱት ማሰቃያ ደግሞ ብዙ ጩኸት የለውም። እስረኛውን ግድግዳ ፊት ማቆም ነው። በቃ፣ ቁም። እግሩ እስኪያብጥ፣ ቀናት እንቅልፍ እስኪያጣ። "ሐውልት" ብለው ነው የሚጠሩት። አየህ ጉለሌ፣ ሰውዬው አይጮህም አልክ። ፖሊሶቹም አይጮሁም ነበር።

ከባድ ነው የተባለው እስረኛ ኬፕ ቬርዴ ደሴት ላይ ወደ ተሠራው ታራፋል ካምፕ ይጋዛል። በ1936 የተከፈተ ነው። እዚያ "መጥበሻ" የሚሏት የሲሚንቶ ክፍል ነበረች፣ ፀሐይ ላይ ተገትራ። እስረኛው ስም ሲያወጣ አያጋንንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮ ጠቢው። ቡና ቤት፣ ፋብሪካ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም ቦታ አለ። የሰፈሬ አሮጊቶች እስከ ዛሬ የፖለቲካ ነገር ሲነሳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሃምሳ ዓመት አልፎትም። ጋዜጣው ደግሞ ከመታተሙ በፊት በሰማያዊ እርሳስ ይሰረዛል። አንባቢው የተሰረዘውን አያይም፣ ንጹሕ ጋዜጣ ነው የሚደርሰው።

ሒሳብ_ሹሙ

እህቴ፣ ስለ እስር ቤቱ አልከራከርሽም። ወርቁስ?

የታሪክ_ደብተር

ጋሼ፣ ወርቁ የመጣበትን መንገድ ራስዎ ያውቁታል ብዬ ነው። ፖርቹጋል ቮልፍራም የሚባል ማዕድን አላት፣ ብረት የሚያጠነክር። ጦርነቱ ሲጀመር ጀርመንም እንግሊዝም ፈለጉት። ሳላዛር ለሁለቱም ሸጠ። የጀርመን ክፍያ ውስጥ ከተያዙት አገሮች የተዘረፈ ወርቅ ነበረበት። በ1943 ነፋሱ ሲዞር የአዞሬስ ደሴቶችን ጦር ሰፈር ለእንግሊዞች ሰጠ። በ1945 ደግሞ ሂትለር ሲሞት ሐዘን አወጀ። ሁለቱንም ያደረገ አንድ ሰው ነው! በ1949 ኔቶ ሲመሠረት ፖርቹጋል ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። ለዲሞክራሲ ነው የቆምነው የሚሉት አገሮች ሰማያዊውን እርሳስ ሳያዩ ቀርተው አይደለም።

ካዝናው ሞላ፣ እሺ። ሰዉስ? በ1970 ቆጠራ ከአራት ፖርቹጋላዊ አንዱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ በኋላ! ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰደደ፣ አብዛኛው ወደ ፈረንሳይ። ብዙዎቹ በሌሊት በእግራቸው ድንበር ተሻግረው። የሕገወጥ ስደትን መንገድ ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም፣ ግን የአውሮፓ ሰውም እንደዚያ እንደሄደ ብዙ ወጣት አያውቅም።

ሸክላ_ቤት

ፓሪስ ነው ያለሁት። አብሮኝ የሚሠራ ፖርቹጋላዊ ሽማግሌ አለ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሻምፒኒ በሚባለው የቆርቆሮና የጣውላ ሰፈር ጭቃ ውስጥ እንዳደገ አጫውቶኛል። አባትየው ለምን እንደ ተሰደደ ስጠይቀው ፖለቲካ ይለኛል ብዬ ነበር። ልጁ አፍሪካ ሄዶ እንዳይሞት ነው ያመጣው። ያኔ የፖርቹጋል ወጣት ሁሉ አራት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ወታደር ይሆን ነበር። ስለ አፍሪካው ጦርነት አንድ ሰው ይጻፍልን።

ሸገር_ማለዳ

እኔ ልሞክር፣ እኛንም ስለሚነካን።

ሌሎቹ አውሮፓውያን ከአፍሪካ እየወጡ ሳለ ሳላዛር አልወጣም አለ። እንዲያውም በ1951 ቅኝ ግዛቶቹን "የባሕር ማዶ ክፍለ ሀገሮች" ብሎ ስም ቀየረላቸው። ቅኝ ግዛት የለኝም ማለቱ ነው። አንጎላ ከሊዝበን ሌላ ሰፈር ናት እንደ ማለት።

1961 ለእሱ የመከራ ዓመት ነበር። በጃንዋሪ ኤንሪኬ ጋልቫው የሚባል የቀድሞ ባለሥልጣኑ ሳንታ ማሪያ የተባለች ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ጠለፈ። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ አወራው። በአንጎላ አመፅ ተነሳ። በኤፕሪል የገዛ መከላከያ ሚኒስትሩ ቦቴሎ ሞኒዝ ሊያወርደው ሞከረ። ሳላዛር ቀደመውና አባረረው። የመከላከያውን ወንበር ራሱ ያዘና "ወደ አንጎላ፣ በፍጥነትና በኃይል" ብሎ ጦር ጫነ። በዲሴምበር ደግሞ ሕንድ በፖርቹጋል እጅ የነበረችውን ጎዋን ወሰደችበት። ወታደሮቹ ወይ እንዲያሸንፉ ወይ እንዲሞቱ አዞ ነበር። ገዢው ጄኔራል ቫሳሎ ኢ ሲልቫ ከ3 ሺህ በላይ ወታደር በከንቱ ከማስጨረስ እጁን ሰጠ። አገሩ ሲገባ ከሠራዊቱ ተባረረ። ሰው በማትረፉ!

ጊኒ ቢሳው በ1963 ተነሳች፣ ሞዛምቢክ በ1964። ጦርነቱ 13 ዓመት ቆየ። ከ8 ሺህ በላይ የፖርቹጋል ወታደር ሞተ። የአፍሪካውያኑ እልቂት ከዚያ እጅግ የበዛ ነው።

አሁን ወደ እኛ። ጃንሆይ በ1959 ፖርቹጋልን ጎብኝተው በክብር ተቀብለዋቸዋል። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ሜይ 1963፣ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አባል አገሮች ከፖርቹጋልና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲያቋርጡ ተወሰነ። የነፃነት ትግሎቹን የሚረዳ ኮሚቴም ተቋቋመ። ቢሮው ዳሬሰላም ሆነ፣ ኢትዮጵያም አባል ነበረች። አፍሪካ አዳራሽን በውጭ ስታልፉ ይቺንም አስታውሱ።

ሊዝበን_ያለሁ

ሸገር፣ እኔም የኛ ሰው ወሬ አለኝ። ወንዙ ዳር ቤሌም የሚባል ቦታ የአሳሾች ሐውልት አለ። መርከብ የመሰለ፣ 1960 ሳላዛር ዘመን የተሠራ። ከፊት ልዑል ኤንሪኬ አለ፣ ከኋላው መርከበኛው፣ ቄሱ፣ ካርታ ሠሪው ተሰልፏል። የባሕር ማዶ ግዛታችን ቅዱስ ነው ለማለት የቆመ ነው። ከተሰለፉት መሐል ማን አለ መሰላችሁ? ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ! በግራኝ ጊዜ 400 ወታደር ይዞ መጥቶ እኛው አገር የሞተው። መጀመሪያ ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። በኋላ ሐውልቱ ለምን እንደ ተሠራ ሳነብ ደስታዬ ትንሽ ቀዘቀዘ። ፎቶውን ግን ለእናቴ ልኬያለሁ 😅

ጉለሌ_ማዶ

ይሄን አላውቅም ነበር! አመሰግናለሁ። ግን ወደ ጥያቄዬ ልመልሳችሁ። በ36 ዓመት ውስጥ ውረድ ያለው አልነበረም?

የታሪክ_ደብተር

ነበረ እንጂ። በ1937 ለጸሎት ሲሄድ ከመኪናው ሲወርድ ቦምብ ፈነዳ። አንድ ጭረት እንኳ አልደረሰበትም።

በደንብ ያስደነገጠው ግን 1958 ነው። ኡምቤርቶ ዴልጋዶ የአየር ኃይል ጄኔራል ነው። የአገዛዙ የገዛ ልጅ። ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ሊዝበን ውስጥ ካፌ ሻቭ ዶሩ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ አንዱ ጠየቀው፤ ብታሸንፍ ሳላዛርን ምን ታደርገዋለህ? "ግልጽ ነው፣ አሰናብተዋለሁ" አለ። በቃ፣ ይቺው ናት። ሠላሳ ዓመት ማንም ጮክ ብሎ ያልተናገራትን አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ቡና እየተጠጣ ተናገራት። ፖርቶ ሲገባ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። በመንግሥት ቆጠራ ሩብ ያህል ድምፅ ብቻ ተሰጠውና አሜሪኮ ቶማሽ አሸነፈ ተባለ። በዓመቱ ሳላዛር ሕዝቡ ፕሬዚዳንት በቀጥታ መምረጡን ራሱን ሰረዘው። ዴልጋዶ ተሰደደ። በፌብሩዋሪ 1965 የፒዴ ሰዎች የሚገናኙህ ተቃዋሚዎች አሉ ብለው በስፔን ድንበር አታለሉትና እሱንም ጸሐፊውንም ገደሏቸው።

ሌላው አሪስቲደስ ደ ሶዛ ሜንደስ ነው። በ1940 ቦርዶ ፈረንሳይ ቆንስላ ነበር። ናዚ እየመጣ፣ ስደተኛው በሩ ላይ ተኮልኩሎ። ሳላዛር ያለ ሊዝበን ፈቃድ ለአይሁድ ቪዛ አትስጡ ብሎ ሰርኩላር አስተላልፏል። ሰውዬው ትእዛዙን ጥሶ ለሺዎች ፈረመ። ከሥራ ተባረረ፣ በ1954 በድህነት ሞተ። ሳላዛር አልገደለውም። ደሞዙን ነው የቆረጠው። የሒሳብ ሰው ቅጣት!

ሒሳብ_ሹሙ

ይሄኛው ወጋኝ። እውነቴን ነው።

ቡና_ሱሴ

ጋሼ አይዞዎት፣ ሙያዎን አልነኩም 😂

ግን አንድ ነገር ላንሳ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ፖርቹጋሎች በ2007 በቴሌቪዥን የዘመናት ታላቅ ፖርቹጋላዊ ማነው ተብለው በስልክ ሲመርጡ ሳላዛር አንደኛ ወጣ። 41 በመቶ! ቫስኮ ዳ ጋማን ጥሎ።

ሊዝበን_ያለሁ

አዎ፣ ግን ሁለተኛና ሦስተኛውን ለምን ዘለልከው? ሁለተኛ አልቫሮ ኩንያል ነው፣ የኮሚኒስቶቹ መሪ፤ ሳላዛር ለዓመታት አስሮት በ1960 ከፔኒሽ ምሽግ ከጓደኞቹ ጋር ያመለጠው። ሦስተኛው ሶዛ ሜንደስ፣ ደሞዙ የተቆረጠው። አሳሪ፣ ታሳሪና ተባራሪ በተርታ። በስልክ የሚመርጥ ሰው አገር አይወክልም፣ ያኔም ብዙ ተባለበት። የሚያነሱት ሰዎች ግን አሉ። ኑሮ ሲወደድ ታክሲ ውስጥ "ያኔ ሌባ አልነበረም" ይሉሃል። ሳንሱር ባለበት አገር ሌባ ጋዜጣ ላይ አይወጣም ብዬ ልመልስ እልና ፖርቹጋልኛዬ ያጥረኛል።

ሸገር_ማለዳ

መጨረሻውን ደግሞ እዩት። ካይታኖ ያንኑ ጦርነት ይዞ ቀጠለ። የሰለቹት መቶ አለቆችና ሻምበሎች ኤፕሪል 25 ቀን 1974 ታንክ ይዘው ወጡ። ሕዝቡ ጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ ቀይ አበባ ሰካላቸው፣ ካርኔሽን የሚሉትን። በዚያ ቀን የተገደሉት አራት ሲቪሎች ከፒዴ መሥሪያ ቤት በተተኮሰ ጥይት ነው። በእኛ ሚያዝያ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አስቡት፣ በእኛ ቤት የአክሊሉ ካቢኔ ወርዶ እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ አዲስ አበባ በሰልፍ ስትናጥ። በዚያው ሰሞን። እናቴ ያኔ ሬዲዮ ላይ የሁለቱን አገር ወሬ ተራ በተራ ትሰማ እንደነበር ትነግረኛለች።

ቴጆ ወንዝ ላይ በ1966 በሳላዛር ስም የተመረቀው ትልቁ ድልድይም ስሙ ተቀየረ። የኤፕሪል 25 ድልድይ ሆነ።

ጉለሌ_ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ትንሽ የገባኝ መሰለኝ። 36 ዓመት ክፉ ወሬ ለጌታው እንዳይነገር የሠለጠነ ሰው፣ ጌታው ራሱ ሲወድቅ ምን ብሎ ይንገረው? ከየት ይልመደው?

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እሱ ራሱ ስለ ካይታኖ ጠይቆ አያውቅም? ስሙን አይሰማም?

የታሪክ_ደብተር

ያውቀዋል እንጂ፣ የድሮ ሚኒስትሩ ነው። በ1969 አንድ የፈረንሳይ ጋዜጠኛ ሊጠይቀው ገብቶ ስለ ካይታኖ አነሳበት። ሳላዛር አሞገሰው። ጎበዝ ሰው ነው አለ፤ ጥፋቱ ግን በእኔ መንግሥት ውስጥ ገብቶ መሥራት አለመፈለጉ ነው አለ።

ሒሳብ_ሹሙ

ጋዜጠኛውም አልነገረውም?

የታሪክ_ደብተር

አልነገረውም፣ ጋሼ።